ከሚኒሶታ የመጣልኝን ፓድልቦርድ ይዤ ባቦጋያ ልውረድ?

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ከሚኒሶታ ሲመጣ በፓምፕ የሚነፋ ፓድልቦርድ (ውኃ ላይ ቆመው የሚቀዝፉበት ሰሌዳ) አመጣልኝ። ቅዳሜ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ይዘነው ልንወርድ አስበናል፤ ከወደድነው በሌላ ጊዜ ላንጋኖ እንሄዳለን። ዋና ብዙም አልችልም፤ መዋኛ ገንዳ ስገባ ከጥግ አልርቅም። የሚያሳስበኝ ሚዛን መጠበቁ ነው፤ ቪዲዮ ላይ ግን ቀላል ይመስላል። ከምን ልጀምር?»

መልስ፦

እህቴ፣ የሚዛኑን ነገር ለጊዜው እንተወው። ትወድቂያለሽ። ሁሉም ሰው ይወድቃል፤ እኔም ዛሬ ድረስ እወድቃለሁ። ከቦርድ ላይ ወደ ሐይቅ መውደቅ በራሱ የሚያሳስብ ነገር አይደለም። ሐይቅ ዳር ሰው ሳለማምድ ዓይኔ የሚከታተለው ከወደቀ በኋላ ያሉትን አምስት ስድስት ሰከንዶች ነው። ቦርዱን ያዘው? ወይስ ቦርዱ ራቀው? አደጋው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ያየሁትን ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ላንጋኖ ላይ አንድ ጠንካራ ወጣት ነበር፤ ዋና በደንብ ይችላል። እግርን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን የእግር ማሰሪያ ገመድ «ያደናቅፈኛል» ብሎ ፈታውና ቦርዱ ላይ ጠቅልሎ አስቀመጠው። እኔ ዝም አልኩት፤ ዝም ማለት አልነበረብኝም። ሰዓቱ ከቀኑ 7 አልፏል። እኛ የቆምንበት ዳር ላይ ነፋሱ ፊት ዳሰስ ከማድረግ አይዘልም። ልጁ ሰማንያ ሜትር ያህል ገብቶ ወደቀ። ብቅ ሲል ቦርዱ በሁለት ክንድ ርቆታል። እጁን ዘረጋ፤ ሦስት ክንድ ሆነ። መዋኘት ጀመረ፤ ቦርዱ እንደ ደረቅ ቅጠል ውኃው ላይ እየተንሸራተተ ሄደ። አየር የተሞላ ቦርድ ሰው ከላዩ ከወረደ ውኃ ውስጥ የሚጠልቀው ከአንድ ጣት ውፍረት አይበልጥም፤ የቀረው ሁሉ ነፋስ የሚገፋው ነው። እሱ ሲደክም ቦርዱ አይደክምም። ልጁን ያተረፈው የለበሰው ላይፍ ጃኬት ነው። የሞተር ጀልባ ደርሶ እስኪያወጣው ግማሽ ሰዓት ገደማ በጀርባው ተንሳፎ ቆየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማሰሪያው እግሩ ላይ ሳይታሰር ማንንም ውኃ አላስገባም።

የአንቺ ቦርድ በሣጥኑ ላይ እንደ ብዙዎቹ 320 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት የሚል ከሆነ፣ አራታችሁም ውኃ ውስጥ ሆናችሁ ጠርዙን ብትይዙት አይሰምጥም። ሐይቅ ላይ ከእሱ የተሻለ መንሳፈፊያ የለሽም። ስለዚህ ቆመሽ ብትቀዝፊም፣ ተንበርክከሽም፣ ተኝተሽም፣ ወድቀሽም ከቦርዱ እንዳትለዪ።

ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ወይም ከጉልበትሽ ዝቅ ብሎ እሰሪው። ለሐይቅ እንደ ስልክ ሽቦ የተጠቀለለው ዓይነት ይሻላል፤ ውኃ ውስጥ አይጎተትም፣ እግርም አይጠልፍም። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህ ለቆመ ውኃ ብቻ ነው። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ወይም በማንኛውም ወራጅ ውኃ ላይ እግር ላይ የታሰረ ገመድ ግንድ ወይም ድንጋይ ይዞ ሰውን ከውኃ በታች ሊያስቀር ይችላል። ወንዝ ላይ የሚታሰረው ወገብ ላይ ሆኖ አንዴ ሲሳብ የሚፈታ ነው። ለጀማሪ ግን ወንዙ ራሱ ይቅር።

ላይፍ ጃኬቱ ላይ ቆም እንበል፤ ዋና ብዙም አልችልም ብለሻልና። ጃኬቱን ገልብጠሽ የውስጥ ምልክቱን አንብቢ። የማንሳፈፍ ኃይሉን የሚያሳየው ቁጥር 50 ከሆነ በደንብ ለሚዋኝ ሰው ነው፤ 100 የሚለው ዋና ለማይችልም የሚሆን ነው። የአሜሪካው ላይ 70 የሚል ልታገኚ ትችያለሽ፤ ዳር አካባቢና ሰው አጠገብሽ እያለ ይሠራል፣ ለአንቺ ግን እኔ 100ውን እመርጣለሁ። ወፍራም ነው፣ ቦርድ ላይ ስትወጪ ደረትሽን ይይዝሻል፤ እሱን በልምምድ ትለምጂዋለሽ። በወገብ የሚታጠቀው፣ ገመድ ሲሳብ የሚነፋው ቀበቶ ለአንቺ አይሆንም። ደንግጦ ውኃ የጠጣ ሰው ገመድ ፈልጎ መሳብ ይቸግረዋል።

ጃኬቱ ልክሽ መሆኑን እንዲህ ታውቂያለሽ። ዘለበቶቹን ሁሉ ቆልፊ፣ ጠበቅ አድርጊ፣ ከዚያ ጓደኛሽ ከኋላሽ ቆማ ትከሻው ላይ ይዛ ወደ ላይ ትሳበው። አገጭሽንና ጆሮሽን አልፎ ከወጣ ሰፊ ነው፤ ውኃ ውስጥም እንዲሁ ይወጣና አንቺ ከሥር ትቀሪያለሽ። ጀልባ በሚከራይባቸው ቦታዎች የሚሰጡሽን ብርቱካናማ ጃኬቶች አንድ በአንድ ፈትሺ። ዘለበቱ የተሰበረ፣ ገመዱ የተበጠሰ፣ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ተቀጥቅጦ እንደ አሮጌ ፍራሽ የሳሳ ብዙ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን መልሺ፤ አታፍሪ።

አሁን ወደ ሐይቁ እንምጣ። ባቦጋያንና ላንጋኖን በአንድ ጊዜ ማንሳትሽ ጥሩ ነው፤ ሁለቱ ለጀማሪ ፍጹም የተለያዩ ናቸው።

ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ጉድጓድ ነው። ጥልቀቱ 65 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ጎረቤቱ የቢሾፍቱ ሐይቅ ደግሞ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ዳሩ እንደ ሳህን ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ እንደ ማሰሮ ነው፣ ጥቂት እርምጃ ገብተሽ እግርሽ መሬት ያጣል። ለጀማሪ የሚያስፈልገው እስከ ወገብ የሚደርስ ሰፊ ውኃ እዚያ እምብዛም የለም። በሌላ በኩል ሐይቁ ትንሽ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ዙሪያውን ያለው የገደል አፋፍም ነፋሱን ይከልለዋል።

ላንጋኖ ተቃራኒው ነው። ብዙው የመዝናኛ ዳርቻው አሸዋ ሆኖ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው፤ አርባ ሃምሳ እርምጃ ገብተሽም ውኃው ወገብሽን የማያልፍባቸው ቦታዎች አሉ። ቢልሃርዝያ የለበትም ተብሎ የሚታወቅ በመሆኑም ነው ሰው ለዋና የሚመርጠው። ነገር ግን 230 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሐይቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ የባሕር ያህል ማዕበል ያወጣል። ውኃው ቡናማ ስለሆነም ከሥር ያለው ድንጋይ አይታይም።

እንግዲህ እኔ ብሆን ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። ቅዳሜ ባቦጋያ አትውረዱ። መጀመሪያ ገንዳ ግቢ፣ ላይፍ ጃኬቱን ለብሰሽ በጀርባ መንሳፈፍን፣ ከዚያ ያለ ጃኬት አሠልጣኝ አጠገብሽ ቆሞ ሃያ አምስት ሜትር መዋኘትንና ሁለት ደቂቃ ባለሽበት መንሳፈፍን ተለማመጂ። ይህ ጥቂት ሳምንት ይወስዳል። ቀጥሎ ላንጋኖ፣ ጥልቀቱ ወገብ በማያልፍበት። ባቦጋያ ሦስተኛ ይሁን፤ ያኔ ውድቀቱም መውጣቱም እጅሽ ላይ ገብቷል። ቅዳሜን ያለ ቦርድ ማሳለፍ ከባድ መሆኑ ይገባኛል፤ ቦርዱ ተጠቅልሎ ሲታይ ያጓጓል።

ላንጋኖ ግን ደርሶ መልስ አታድርጉት። ይህንን ለሁሉም እናገራለሁ፣ ብዙ ሰው አይሰማኝም። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ተነስታችሁ፣ ዝዋይ ላይ ዓሣ በልታችሁ ስትደርሱ ስድስት ሰባት ሰዓት ይሆናል፤ ፓምፑን ገፍታችሁ ቦርዱን ስታዘጋጁ ነፋሱም ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። የወጣችሁበት ቀን እንዳይባክን ብላችሁ ትገባላችሁ። እዚያ እደሩ። በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ የእናንተ ነው፤ ውኃው ብዙ ጊዜ እንደ መስተዋት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ነፋስን ማንበብ ቦርድ ላይ ከመቆም የበለጠ ጊዜ የምሰጠው ትምህርት ነው። ዳር ቆመሽ እግርሽ ሥር ያለውን ውኃ አትዪ፤ የሐይቁን መሃል እዪ። ዳሩ ጸጥ ብሎ መሃሉ ላይ ጠቆር ጠቆር ያሉ፣ የተሸበሸቡ ቦታዎች ካየሽ ነፋሱ እዚያ አለ። ባቦጋያ ላይ ይህ ብዙ ሰው ያታልላል። አፋፉ ሥር ስትሆኚ ተከልለሻል፤ መቶ ሜትር ስትርቂ ከለላው ያልቃል። ነጭ አረፋ የሚሰብር ሞገድ ካየሽ የዚያን ቀን አይወጣም፣ አለቀ። ባሕር ዛፎቹ ጫፋቸው እየተጎነበሰ ከሆነም እንዲሁ።

ከሁሉ የከፋው ከጀርባሽ፣ ከመሬት ወደ ውኃ የሚነፍሰው ነው። ዳሩ ላይ ሞገድ የለም፣ ሁሉ ያማረ ይመስላል፣ ስትወጪ ያለ ድካም ትሄጃለሽ፤ ጎበዝ የሆንሽ ይመስልሻል። ለመመለስ ስትዞሪ ነው የሚገባሽ። በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ቢገፋሽ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የባቦጋያ ማዶ ነሽ። አፈር ወይም ደረቅ ሣር ቆንጥረሽ ወደ ላይ በትኚ፤ ወደ ሐይቁ ከሄደ ከሌላ ዳር ጀምሪ ወይም ጠብቂ። ነፋሱ ቀለል ያለ ሆኖ የምትወጪ ከሆነ መጀመሪያ ፊትሽን ወደ ነፋሱ አድርገሽ ቅዘፊ፤ ስትደክሚ እሱ ራሱ ይመልስሻል።

ስለ ቦርዱ አዘገጃጀት ጥቂት ልበል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይናደዳል። የፓምፑ መለኪያ መጀመሪያ ላይ ምንም አይንቀሳቀስም። መቶ ጊዜ ገፍተሽ ቀስቱ ዜሮ ላይ ይሆናል፤ ፓምፑ ተበላሸ ብለሽ አትፍቺው፣ ቦርዱ ቅርጹን ይዞ መጠንከር ሲጀምር ነው የሚነሳው። ቦርዱ ላይ የተጻፈው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ወንድምሽ ሚኒሶታ ላይ ከሚገፋው ከአሥር አንድ እጅ ያህል የበለጠ ትገፊያለሽ። ሲደክምሽ 8 ላይ አታቁሚው። ያልጠነከረ ቦርድ መሃሉ ይጎብጣል፣ ያኔ ሚዛን የለኝም ትያለሽ፤ ጥፋቱ ግን የአየሩ ነው።

የቫልቩ፣ ማለትም የአየር መግቢያው፣ መካከል ላይ ያለችውን ትንሽ ዘንግ እዪ። ተጭነሽ ስታዞሪያት ወይ ወደ ላይ ትወጣለች ወይ ሥር ትቀራለች። ስትነፊ ወደ ላይ መውጣት አለባት። ሥር ከቀረች፣ ሃያ ደቂቃ ያላብሽበት አየር ሁሉ ቱቦውን በነቀልሽበት ቅጽበት በአንድ ጊዜ እየጮኸ ይወጣል። ፊኑን (እንደ ዓሣ ክንፍ ያለውን ቀጭን ቁራጭ) ከጭራው ሥር ማስገባት አትርሺ፤ ያለ እሱ ቦርዱ ባለበት ይሽከረከራል። ተነፍቶ ያለቀውን ቦርድ ፀሐይ ላይ አታስጪው፤ ውስጡ ያለው አየር ሲግል ግፊቱ ይጨምርና ስፌቱን ሊያስለቅቀው ይችላል። ጥላ ሥር ወይም ውኃ ላይ ይቆይ።

ውኃው ጉልበትሽን አለፍ ሲል፣ ፊኑ መሬት እንዳይነካ፣ ቦርዱ ላይ በጉልበትሽ ውጪ። መሃል ላይ ያለው የእጅ መያዣ የሚዛኑ ቦታ ነው፤ ጉልበቶችሽ ግራና ቀኙ ይሁኑ። የመጀመሪያውን ሰዓት ሙሉ ተንበርክከሽ ብትቀዝፊ ደስ ይለኛል። የጣና ታንኳ ቀዛፊ ደንገሉ ላይ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ሲሄድ አይተሽ ከሆነ ምሥጢሩ ይገባሻል፤ ክብደት ዝቅ ሲል ውኃው ይታገሣል። መቅዘፊያው ሰፊ ጫፉ ጋ ትንሽ ታጥፏል፤ እጥፋቱ ወደ ፊት፣ ወደ ቦርዱ አፍንጫ ይሂድ። ብዙ ጀማሪ ወደ ራሱ አዙሮ ነው የሚይዘው። ርዝመቱን አቁመሽ ስትለኪው ከራስሽ ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ይብለጥ።

ለመቆም አንድ እግር ጉልበትሽ ወደነበረበት፣ ከዚያ ሁለተኛው፤ ሁለቱም ጣቶችሽ ወደ ፊት እያዩ። ጉልበትሽን አላልተሽ ማዶ ያለ ዛፍ ላይ ዓይንሽን ጣዪ። እግሩን የሚያይ እግሩ ላይ ይወድቃል። መቆም ብቻም አይበቃም፤ መቅዘፊያው ውኃ ውስጥ እያለ ሦስተኛ እግርሽ ነው፣ ስለዚህ ስትወላወዪ መቅዘፍ አታቁሚ።

ከመቆምሽ በፊት ግን መውደቅን አሥር ጊዜ ተለማመጂ። ከቦርዱ ርቀሽ፣ በጎን ወይም በጀርባ፣ ሰውነትሽን ዘርግተሽ ውደቂ። በራስ መጥለቅ ፈጽሞ የለም፤ ላንጋኖ ላይ ከሥር ያለውን አታዪም። ብቅ ስትዪ መጀመሪያ ቦርዱን ያዢ፣ መቅዘፊያው ይደርሳል። ለመውጣት በጎን በኩል መጥተሽ የመሃሉን መያዣ ጨብጪ። አሁን ስህተቱ የሚሠራበት ቦታ ነው፤ ሰው በክንዱ ብቻ ራሱን ወደ ላይ ሊስብ ሲሞክር እግሮቹ ከቦርዱ ሥር ይገባሉ፣ እየተንጠለጠለ ይደክማል። አንቺ መጀመሪያ እግሮችሽን ወደ ኋላ ዘርጊ፣ ውኃውን ርገጪ፣ ሰውነትሽ ውኃው ላይ ጋደም ሲል በሆድሽ ወደ ቦርዱ ተንሸራተቺ። እንደ እንግዳ አልጋ ላይ አትውጪ፤ እንደ ዓሣ ነው። አሥር ጊዜ ወጥተሽ ካልተሳካልሽ ከዳር አትራቂ፤ የዚያን ቀን ትምህርትሽ እሱ ነው።

ነፋስ ቢይዝሽ ቁጭ በዪ። ካልበቃ በሆድሽ ተኚ፣ መቅዘፊያውን ደረትሽ ሥር አድርገሽ በሁለት እጅሽ ቅዘፊ፤ ነፋሱ የሚመታው ነገር ይቀንሳል። ቀጥታ መመለስ ካቃተሽ ወደ ጎን፣ ቅርብ ወደሆነው ዳር ሂጂ፤ ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ብትወጪም ይቅርታ ብለሽ ነው። ካልቻልሽ ቦርዱ ላይ ሆነሽ ሁለት እጅሽን እያነሳሽ አውለብልቢ። ወርዶ ለመዋኘት ማሰብ የለም።

በወንድምሽ ዕቃ ውስጥ ያለው መመሪያ ስለ ቀዝቃዛ ውኃ ብዙ የሚያወራው ለእሱ አገር ነው። ሚኒሶታ ላይ በሚያዝያና በግንቦት ፀሐዩ ሞቆ ሐይቁ ገና ከበረዶ የወጣ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ሳያስበው አየር ይስብና ውኃ ይገባበታል። አሜሪካ ውስጥ ከ2008 ጀምሮ ፓድልቦርድ በባሕር ጠባቂው ዘንድ እንደ ጀልባ ስለሚቆጠር ላይፍ ጃኬት መያዝ ግዴታ ነው። እኛ ጋ የባቦጋያ ውኃ ገጹ ከ20 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ይላል፤ አያስደነግጥም፣ ግን ረጅም ሰዓት ከቆየሽበት ያንዘፈዝፋል። የእኛ ችግር ይልቅ ፀሐዩ ነው። በከፍታችን ላይ ይበረታል፣ ውኃውም ከታች ያንጸባርቀዋል። እጅጌው ረጅም ልብስ፣ አገጭ ሥር የሚታሰር ኮፍያ።

ክረምት ላይ ነጎድጓድ ከሰማሽ ወዲያው ውጪ፤ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሺ። ሐይቅ መሃል ቆሞ መቅዘፊያ የያዘ ሰው ከአካባቢው ሁሉ ረጅሙ ነገር እሱ ነው።

ሌሎች ሐይቆችን እንዳታስቢ ስል አንድ ነገር ልጨምር። ጫሞና አባያ አዞ አለባቸው፣ ፈጽሞ አይሞከሩም። ጣና፣ ሐዋሳና ዝዋይ ጉማሬም ቢልሃርዝያም አለባቸው። ጉማሬ ጠዋትና ማታ ዳር ዳሩን ይላል፤ ቦርድ ዝቅ ያለና ድምፅ የሌለው ስለሆነ ሳያውቅሽ ትደርሺበታለሽ። ላንጋኖም ቢሆን የምትወርዱበትን ዳር የሚያውቁ ዓሣ አጥማጆችን ጠይቁ።

ከአራታችሁ አንዷ ሁልጊዜ ዳር ትቀመጥ፤ ፊቷ ወደ ውኃው፣ ስልኳ እጇ ላይ፣ የሆቴሉ የሞተር ጀልባ ነጂ ቁጥር ተመዝግቦ። ስትወጪ «በዚህ ሰዓት እመለሳለሁ» በያት፤ ካልተመለስሽ ማን ጋ እንደምትደውል አስቀድማ ትወቅ። ጀልባ የሌለው ዳር ላይ አትጀምሩ። የአንቺም ስልክ ውኃ በማያስገባ ቦርሳ ሆኖ ሰውነትሽ ላይ ይንጠልጠል፤ ቦርዱ ላይ አትሰሪው። ጥብሱም ቢራውም ቦርዱ ተጠቅልሎ ከገባ በኋላ ይሁን።

ቦርዱን ቅዳሜ ግቢያችሁ ውስጥ ንፊው፣ ፊኑን ሳታስገቢ ሣር ላይ አስቀምጪውና መንበርከኩንና መነሳቱን ሞክሪ። የጃኬትሽን የውስጥ ምልክት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ለክብደትሽ የሚሆን መሆኑን አይቼ እነግርሻለሁ።